በሁዳዴ የተሞላ ፎርም

እናቴ አልዋሸችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ብዙ ፍየሎች፣ አንድ ፈረስና አንዲት ዝይ ዋሽታለች ስላሏት ነው። እናቴ እታለማሁ ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ነገር ታበዛለች፣ ማንም ሳይጠይቃት ትምላለች። በዚያን ቀን ድምፅዋ እንደ ወትሮው ወፍራም ነበር።

ቀኑ የሁዳዴ ሁለተኛ ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ 1986፣ ማርች ውስጥ። ዋሽንግተን፣ ፔትዎርዝ ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ሦስት ወር ተጠግተን ከከረምን በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት አገኘንና እኔን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ሄድን። የተቀበለችን የተማሪዎች አማካሪዋ ሚስስ ዊትከም ነበረች። ነጭ ዝይ ናት፤ መነጽሯን ምንቃሯ ላይ ሰክታ አንገቷን እያስረዘመች ታነባለች። ፎርሙ ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከክትባት ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «ሣር በል»፣ ሌላው «ሥጋ በል» ይላል።

ዝይቱ ሥጋ ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀች። ካርቱም ሳለን በተማርኳት እንግሊዝኛ ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ደነገጠች። ትምህርት ቤቱ ምሳ ሊያበላኝ ነው ብላ ነው የገባት፤ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ልጇን ሊያስገድፉባት።

«ንገሪያት» አለችኝ፤ «ሥጋ አንበላም። ወተት አንጠጣም። ቅቤ በያት፣ እንቁላል በያት፣ አይብ በያት፣ አንዱም አፏ አይገባም በያት።»

ነገርኳት። ዝይቱ ብዕሯን አስቀምጣ በአድናቆት አየችን። ወተትም? አለች። ወተትም አልኳት። የአሥረኛ ክፍል ላሞች እንኳ ወተት ይጠጣሉ አለችና «ሣር በል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ከጎኑ ከራሷ አንድ ኮከብ ጨመረችልኝ። እኔስ ለምን ዝም አልኩ ትሉኝ ይሆናል። አላሰብኩማ። በሁዳዴ ስለ ሥጋ የሚጠይቅሽ ሰው የሚጠይቅሽ ስለ ሁዳዴ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በዚያው ሳምንት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ስሂን ልጃቸውን ዘሪሁንን ይዘው እዚያችው ዝይ ፊት ቀረቡ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ሁዳዴ አይመለከታቸውም። ሥጋ ይበላል ወይ ሲባሉ ካገኘ አይምርም አሉ። ዘሪሁን በማግስቱ ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ተመደበ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ሣር በሎች ሲልቨር ስፕሪንግ ይማራሉ፣ ሥጋ በሎች አሌክሳንድሪያ ይማራሉ፣ መሀል ላይ ፖቶማክ አለ። ከአንድ አገር የመጣን፣ አንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ሁለት ልጆች በአንድ ጥያቄ በሁለት ከተማ ተበተንን።

በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ዙሪያ ሰው ብርቅ ነበር። የአገሩ ባለቤቶች እንስሳት ናቸው፤ በሁለት እግራቸው የሚሄዱ፣ ካፖርት የሚለብሱ፣ ግብር የሚከፍሉ። ሰው የምንባለው እኛ ሐበሾች፣ ላንግሊ ፓርክ ያሉት የኤል ሳልቫዶር ስደተኞችና ጥቂት ሌሎች ነበርን። ገጠር ወጣ ብሎ እርሻ ላይ ደግሞ በአራት እግራቸው የሚሄዱ፣ የማይናገሩ በጎችና ከብቶች አሉ። እነዚያና እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው ወይ? ይህ አይጠየቅም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥጋው በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ተኩላው ገዝቶ በወረቀት ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ በሩ ላይ ያገኘችው በግ ስለ አየሩ ታጫውተዋለች። ሥልጣኔ ይሉታል።

ክፍላችን የሳቅ ቤት ነበር። ፍየሎቹ የቤት ሥራ አልሠራንም አይሉም፣ በላነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አጋዘኖቹ የደወል ድምፅ በሰሙ ቁጥር በመስኮት ለመውጣት ይሽቀዳደማሉ። የታሪክ አስተማሪያችን በቅሎ ነበር፤ ስለ አባቱ የጠየቀው ሁሉ ስለ እናቱ ፈረስነት ሰምቶ ይመለሳል፤ ይህን እኔ አገሬ እያለሁም ስለማውቀው አልጠየቅኩትም። አንድ ድብ አለ፣ ዱዌይን የሚባል። ድብ ሁሉን እንደሚበላ ሕፃን ያውቃል፤ እናቱ ግን ብልጥ ስለነበረች «ሣር በል» ላይ ፈርማ አስገባችው። ዓርብ ዓርብ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ትሬሲ ነበረች። በግ ናት። እኛ አገር ሰውን በግ የምንለው ሲሞኝ ወይም ሲለዝብ ነው፤ ትሬሲን ያየ ይህን ስድብ ዳግመኛ አይጠቀምበትም። ማስቲካዋን እያኘከች አስተማሪ ታርማለች። በመጀመሪያው ቀን አጋዘኖቹ የአጎቴ ሚስት በሰጠችኝ ካፖርት ሲስቁ ዞር ብላ፣ በሱ ካፖርት ውስጥ ያለችው ቢያንስ ቅጠል ሲወድቅ አትሮጥም አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። ሰው ባልነበረኝ ጊዜ እሷ ነበረችኝ። ይህን ሳልለውጥ፣ ሳላሳንስ ነው የምናገረው።

ምሳዬን አብረን ነበር የምንበላው። እናቴ በየቀኑ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ድንች ትቋጥርልኛለች፤ ትሬሲ የካፌቴርያውን ድርቆሽ ገፍታ የእኔን ሣህን ትካፈላለች። ሁዳዴውን ሙሉ ከአንድ ሣህን በላን። አንድ ጊዜ ቤትም መጣች። እናቴ እንግዳዋን ደህና አድርጋ ተቀበለች፤ ብቻ ፀጉሯን በመዳፏ ደባበሰችና ለኔ በአማርኛ፣ ይሄ እኮ ለበርኖስ ነው አለችኝ። አባቴ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ትን አለው። ትሬሲ ምን አለች ስትለኝ ፀጉርሽን ወደደችው አልኳት። ያም እውነት ነው።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። የእነሱ ፋሲካ በወር ከአራት ቀን ቀድሞ አልፏል፤ የእኛ በሜይ 4 ዋለ። ስፕሪንግፊልድ ያሉት ዘመዶቻችን ቨርጂንያ ገጠር እርሻ ድረስ ነድተው፣ በስመ አብ ብለው፣ እንደ ወጉ አንድ በግ አርደው ድርሻችንን አመጡልን። በላን። አላፍርም፣ ደስ ብሎን በላን። ሰኞ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ምሳዬን ቋጠረች። ጾሙ ተፈታ አይደል? ቀይ ሽንኩርትና ቃርያ የገባበት፣ በቅቤ የተነካካ ጥብስ ቋጠረችልኝ። ምን እንደያዝኩ ሳላይ ይዤው ሄድኩ።

ካፌቴርያ ውስጥ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ወጣ። አጠገባችን የነበሩት ጥንቸሎች በአንድ ጊዜ ጆሯቸውን አቆሙ። አጋዘኖቹ ሄዱ፤ መሄድ ደግሞ ያውቁበታል። ትሬሲ ሹካዋን አንሥታ ሣህኔ ላይ እንዳንዣበበች ቀረች።

ምስር አይደለም አለችኝ። አይደለም አልኳት። ምንድን ነው አለችኝ። እንጉዳይ ነው ማለት እችል ነበር። ዱዌይን ቢሆን እንጉዳይ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ሁዳዴውን ሙሉ ከኔ ሣህን የበላችን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

«በግ ነው» አልኳት።

ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ክዳኑን ዘጋሁት። ሽታው ግን የዚያን ቀን የምሳ ተቆጣጣሪ ከነበረችው ከሚስስ ዊትከም ዘንድ ደርሶ ነበርና ክዳን መዝጋቱ ምንም አልጠቀመኝም።

አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። እዚያው ድረስ ደወሉለት። ማታ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ነው የጀመረው።

«ከስኩል ኮል አደረጉልኝ። ፎርሙ ላይ ውሸት ሞልታችኋል ነው የሚሉት። ወይ ሥጋ በል ብለን ሳይን አድርገን አሌክሳንድሪያ ትራንስፈር ያደርጓታል፣ ወይ ዕድሜ ልኳን አትበላም ብለን ሳይን እናደርጋለን። የአሳይለም ኬዛችን ገና ፔንዲንግ ነው እታለማሁ፤ በኛ ላይ ሌላ ወረቀት እንዲከፈት ነው የምትፈልጊው?»

«የተጠየቅኩትን መለስኩ» አለች እናቴ። «በሁዳዴ ጠየቁኝ፣ የሁዳዴውን ነገርኳቸው። ፋሲካ መምጣቱን ያላሰበ የራሱ ጉዳይ ነው።»

የጥገኝነት ጥያቄያችን ገና አልተወሰነም ነበር፤ አባቴ ደግሞ ወረቀት ያስፈራዋል። ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ሁለት ድንበር በእግሩ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ነገር ግን በየድንበሩ ያስቆመው ጠብመንጃ ሳይሆን ወረቀት ነበር። ስለዚህ ለስለስ አለና ወደ እኔ ዞረ። ሳይን አድርጊና ገላግዪን አለኝ። ሣር በል በሚለው ላይ። ቤትሽ በርሽን ዘግተሽ ጥሬ ሥጋ ብትበዪ ማን ያይሻል? ያ ድብ ምን የሚበላ ይመስልሻል? አለኝ። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ጅብ መሆን አያስፈልግም ሲልም ጨመረበት።

«ኖ፣ አባዬ» አልኩት። «ሳይን አላደርግም። ኢትስ ኤ ላይ፣ ውሸት ነው።»

«እሺ አሌክሳንድሪያ ሂጂያ። ዘሪሁን ምን ሆነ?»

ዘሪሁን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ተመችቶታል፤ ከተኩላዎቹ ጋር ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ማታ ማታ ደረጃ ላይ እየጮኸ ይመጣል። አሌክሳንድሪያ ገሃነም ነው አላልኩም። እኔ ያልኩት ሥጋ በል አይደለሁም ነው። በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ ሥጋ የማይነካ ቤት ልጅ ሥጋ በል የምትባለው በየት አገር ነው? ሣር በልም አይደለሁም፤ የፋሲካ ለት ያየኝ ምስክር ነው። ሁለቱም ሣጥን ውሸት ነው። ደግሞም እዚያ ትሬሲ የለችም። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ስላኮረፈችኝ በግ ብዬ ከሱ ጋር ክርክር መግጠም አፈርኩ።

ትሬሲ ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ክንዷ ክንዴን እየነካ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። በዘጠነኛው ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ማስቲካ አልያዘችም።

«እኔን ትበይኛለሽ?» አለችኝ።

«አንቺን አልበላም።»

«በግ ግን ትበያለሽ።»

«እበላለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈርንም። ሄደ። ትሬሲ መቼ መቼ ነው የምትበይው አለችኝ። መቼ? ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ትበያለሽ ወይስ አትበይም ብሎ ነው። ነገርኳት። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ነነዌን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ የገናን ጾም አንድ ባንድ ዘረዘርኩላት። አሁን ያለንበት ግን በዓለ ሃምሳ ነው፣ እስከ ጁን መጨረሻ ገደማ ረቡዕም ዓርብም የለም አልኳት። ይህንን ደብቄ ባልፈው ይሻለኝ ነበር፤ አልደበቅኩም። እሷም ሰማችኝና የሚቀጥለውን አውቶቡስ ይዛ ሄደች።

በሚቀጥለው ዓርብ ስብሰባ ተጠራን። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሃርላን በሬ ነው። ግርማው የሚያስደነግጥ፣ ቀይ ዳለቻ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ክራባት ያሰረ በሬ። ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ምራቁን ዋጠና በቀስታ በአማርኛ፣ ይሄ እኮ ለመስቀል ነው አለ። ርዕሰ መምህሩ አባትሽ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ጤናዎ ያስደስታል ይላል አልኩት። አመሰገነ። እናቴ አባቴን ጎኑን በክርኗ ጎሸመችው።

በአንድ በኩል ሚስስ ዊትከም፣ የትምህርት ቤቱ ነርስ የሆነችው ጥንቸልና የስፖርት አስተማሪው ፈረስ ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን እኛ ሦስታችን። ጥግ ላይ ትሬሲ ለብቻዋ። አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ፤ ተከሳሽም እኔው ነኝ። ዝይቱ ክሱን አነበበች። ቤተሰቡ ሆን ብሎ ዋሽቷል፣ ተማሪዎች ደህንነት አይሰማቸውም፣ ነርሷም እንቅልፍ አጥታለች አለች። ነርሷ አፍንጫዋን እያንቀጠቀጠች አረጋገጠች።

ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ፊቷ ተለዋወጠ። የተቆጣች መሰለኝ፤ አዝና ነበር።

«ጥንቸሊቱ እኛን ፈርታ እንቅልፍ አጣች?» አለች። «ንገሪያት ልጄ፣ ጥንቸል እኛ ዘንድ አይበላም። እርም ነው። ለመድኃኒት ቢሉንም አንበላም።»

ነገርኳት። ነርሷ አፍንጫዋ ጸጥ አለ። እናቴ በረታች። ፈረስ አንበላም አለች፤ ፈረሱ እግሩን ዘረጋ። ዝይ አንበላም፣ ዳክዬ አንበላም፣ አሳማ በዐይናችን አናይም፣ ድብ ምን እንደሚመስልም እዚህ አገር ነው ያየነው አለች። እያንዳንዱን እየተረጎምኩ ክፍሉ ውስጥ ያለው ትንፋሽ እየለቀቀ ሄደ፤ ዝይቱ እንኳ አንገቷን አሳጠረች። እናቴ በዚሁ አካሄድ ፊቷን ወደ ሚስተር ሃርላን አዞረች። አፏን ከፈተች። ክራባቱን፣ ትከሻውን፣ ሻኛውን አየች። ከዚያ ትሬሲን አየች። አፏን ዘጋች።

ምን አሉ? አለ ርዕሰ መምህሩ።

ዝርዝሩ አለቀ ትላለች አልኩት።

በሬው ማመንዠኩን አቆመ። ዝይቱ አንገቷን መልሳ አስረዝማ፣ ይኸው ራሳቸው አመኑ ብላ ጻፈች። ያኔ እሳት ሆንኩ። ተነሥቼ በራሴ አፍ ተናገርኩ። አዎ፣ በሬ እንበላለን፣ በግ እንበላለን፣ ይህን ከማንም አልደበቅንም፣ ብትጠይቁን የዚያኑ ቀን እንነግራችሁ ነበር። እናንተ የጠየቃችሁት ሣጥን ነው። እናንተስ ሱፐርማርኬት ደጃፍ ላይ ከረጢት የያዘ ተኩላ ስታገኙ ምን ያዘ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አልኳቸው። ነውር ጥያቄ ነው።

ሚስተር ሃርላን ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ትሬሲ ዞረ። ለሱ ነገሩ ቀላል ነበር፤ አጠገቧ የምትቀመጠው በግ ፈራሁ ካለች ፋይሉ ይዘጋል።

«ከሷ ጋር መቀመጥ ያስፈራሻል?» አላት።

«አዎ፣ ያስፈራኛል» አለች ትሬሲ።

ተቀመጥኩ። እናቴ ምን አለች እያለች እጄን ትስበኛለች፤ ልተረጉምላት አልቻልኩም።

«እሑድ እፈራታለሁ» አለች ትሬሲ። «ይህን ወር ሙሉ እፈራታለሁ፤ አሁን ረቡዕም ዓርብም የለም ብላኛለች። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ግን ሦስት ሳምንት ገደማ አልፈራም። ኦገስት ላይ ሁለት ሳምንት አልፈራም። ጎረቤታችን ተኩላ ነው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ይለኛል። መቼ ምን እንደሚበላ ነግሮኝ አያውቅም። እሱን በየቀኑ ነው የምፈራው። ቀኑን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። እኔ ከሷ ጋር ነው የምቀመጠው።»

ይህን ለወላጆቼ ተረጎምኩላቸው። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ትሬሲን ቁልቁል ስታያት ቆየች። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለቷ ነው አለች፤ ሰይጣን በመባሏ ቅር ያላት አትመስልም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ግን ርዕሰ መምህር ነው። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ፎርሙ ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው አለ። ምልክት ሳይደረግ ማንም ተማሪ ክፍል አይገባም፤ ልጅቱ እምቢ ካለች አባት ይፈርማል። ፎርሙንና ብዕሩን በሰኮናው ወደ አባቴ ገፋለት። አባቴ ብዕሩን አነሣ። አሳይለሙን እያሰበ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ቢፈርም አልቀየመውም ነበር፣ አይ፣ ልክ አይደለም፣ እቀየመው ነበር። አየኝ። ከዚያ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው።

«የምትበላው እሷ ናት» አለ። «እሷ ከፈለገች ሳይን ታድርግ።»

አልፈለግኩም።

ሰኞ ጠዋት ክፍል አትገቢም ተባልኩ። ቤት ሂጂ ያለኝ ግን የለም፤ ወይም ቢኖርም አልሰማሁትም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከክፍላችን በር አጠገብ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሜይ ነው፣ ሙቀት ነው፣ በሩ ክፍት ነው፤ በቅሎው የሚያስተምረው ሁሉ ይሰማኛል። ፍየሎቹ አንገታቸውን እያወጡ ያዩኛል። ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች ሲሉ ሰማኋቸው፤ እነሱ ያሉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ትርጉሙ ይኸው ነው። ጻፍኩ፣ ሰማሁ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ከውጭ እጄን አወጣሁ። በቅሎው መጀመሪያ ያላየ መሰለ። ከቀትር በኋላ ግን ትክክለኛውን መልስ የማውቀው እኔ ብቻ ስሆን ምርጫ አልነበረውም፤ እሺ፣ ኮሪደሩ ይመልስ አለ።

ማክሰኞ ትሬሲ መጣች። ጠረጴዛዋን ከነወንበሩ ወለሉን እያስጮኸች ጎትታ በሩ ላይ አቆመችው፤ ሁለት እግሩ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ውጭ። በቅሎው ምን ማድረግሽ ነው ቢላት፣ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ይለኩት አለችው። ለካ። እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ አይዘጋም፤ የሚገባም የሚወጣም በትሬሲ ጠረጴዛ ላይ መንጠላጠል ነበረበት። እናቴ ያን ቀን ለእኔ ጥብስ፣ ለብቻው በሌላ ሣህን ደግሞ ምስር ቋጥራ ነበር። ትሬሲ የኔን ሣህን እያየች ምስሩን ጨረሰችው። ትንሽ ራቅ አድርጊው አለችኝ፤ ራቅ አደረግኩት።

ረቡዕ አንድ አጋዘን ሳይሮጥ አልፎን ሄደ። ሐሙስ ዱዌይን ድቡ ከክፍል ወጥቶ ያን ሁሉ ገላውን ከጎኔ ዘረገፈው። ከኪሱ የሰርዲን ቆርቆሮ አወጣ፣ በጥፍሩ ቀደደው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየው፣ አንድ ባንድ በላ። ሚስስ ዊትከም በዚያ ስታልፍ ቆመች። ልትጮኽ ነው ብለን ስንጠብቅ ሰርዲኑን ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አየችውና ምንቃሯን በክንፏ ጠርጋ ሄደች።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚስተር ሃርላን ከኮሪደሩ ጫፍ ፎርሙን ይዞ፣ ትከሻው ሁለቱን ግድግዳ እየነካ መጣ። ፊታችን ደርሶ ቆመ። ትሬሲ በጠረጴዛዋ አለች፣ ዱዌይን ከነቆርቆሮው አለ፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። በሬው ከላይ ወደ ታች ተነፈሰብን። ያልፈራሁ አይምሰላችሁ። ፎርሙን ወደ እኔ ዘረጋ፣ አልተቀበልኩትም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ውስጥ ተመለከተ፤ ፍየሎቹ፣ ጥንቸሎቹ፣ በቅሎውም ጭምር ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ኮሪደሩ ዞረው ያዩታል።

«እግርሽን ሰብስቢ፣ ልለፍ» አለኝ።

አልሰበሰብኩም። ትሬሲም ጠረጴዛዋን አልሳበችም። በሬ በጠባብ ቦታ መዞር ይከብደዋል፤ መጀመሪያ ቀንዱ ግድግዳውን ጫረ፣ ከዚያ ትከሻው ተያዘ፣ ከዚያ ፎርሙ ከእጁ ወደቀና ረገጠው። ዞሮ፣ የተረገጠውን ፎርም ወለሉ ላይ ትቶ፣ በመጣበት ሄደ።